ትምባሆ ለማቆም የሚለጠፍ ፕላስተር በቆዳ ላይ የሚተወው ምልክት፦ መቼ ያሳስባል? መቼስ አያሳስብም?

ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ ከሚመጡ እንግዶች መካከል ከባሕር ማዶ ለዘመድ ወዳጅ መድኃኒት ይዘው የሚመጡ አይጠፉም። እንዲህ ከሚመጡት አንዱ ሲጋራ ለማቆም የሚረዳው የኒኮቲን ፕላስተር ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ሲያጨስ የኖረ አንድ የላስታ ሰው ይህን ፕላስተር ክንዱ ላይ ለጥፎ ዋለ፤ አደረም እንበል። በማግስቱ ሲያነሣው የፕላስተሩን ቅርጽ የያዘ፣ የጠቆረና የሚያሳክክ ምልክት ያገኛል። የሚያማክረው የሕክምና ባለሙያ በአቅራቢያው ከሌለ ወደ አእምሮው የሚመጣው ስጋት ነው፤ "ሰውነቴን መረዘው ይሆን? ወይስ ለምጽ ሊወጣብኝ ነው?" ይላል። ቀሪውን ፕላስተር ይጥላል፤ ወደ ሲጋራውም ይመለሳል።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው ክብደት የሚያገኘው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ትምባሆ መጠቀማቸውን ካላቆሙ ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ሕይወታቸውን የሚያጡት በዚሁ በትምባሆ ምክንያት ነው። በፕላስተሩ ሥር የሚቀረው ምልክት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፍ ነው። ያልፋል ተብሎ ፈጽሞ የማይናቅ ምልክትም አለ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ትምባሆን ለመተው ቆርጦ የተነሣ ሰው በመንገድ ላይ እንዳይቀር ይረዳዋል።

ኒኮቲንን በኒኮቲን መተካት ለምን አስፈለገ?

ትምባሆን ለማቆም አስቸጋሪ የሚያደርገው በውስጡ የሚገኘው ኒኮቲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። አእምሮ ኒኮቲንን ከለመደ በኋላ ሲያጣው ሰውየው ይነጫነጫል፤ እንቅልፍ ይርቀዋል፤ ሐሳቡን መሰብሰብ ይሳነዋል። ካንሰርን፣ የልብንና የሳንባን በሽታ በዋናነት የሚያመጡት ግን ትምባሆው ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ የሚሸከማቸው በሺህ የሚቆጠሩ ኬሚካሎች ናቸው። የተተኪ ኒኮቲን ሕክምና የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው። ለሰውነት ጥቂት ኒኮቲን ያለ ጭስ እየሰጡ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሱ፣ በመጨረሻም ማቆም ማለት ነው።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው በስዊድን ነው። የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ባልደረቦች በውኃ ሥር ማጨስ በማይችሉበት ጊዜ የሚታኘክ ትምባሆ ሲጠቀሙ መታየታቸው፣ ኦቨ ፌርኖ የተባለው የኬሚስትሪ ባለሙያ የኒኮቲን ማስቲካ እንዲሠራ መነሻ ሆነው። ማስቲካው እ.አ.አ በ1978 በስዊዘርላንድና በተከታዮቹ ዓመታት በሌሎች ሀገራት ለገበያ ቀረበ። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ደግሞ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው እ.አ.አ በ1991 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ በ2009 እነዚህን ምርቶች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካትቷቸዋል። ድርጅቱ እ.አ.አ በሐምሌ 2024 ባወጣው መመሪያም ትምባሆ ማቆም ለሚፈልጉ አዋቂዎች ከምክር አገልግሎት ጋር እንዲሰጡ ከመከራቸው መድኃኒቶች አንዱ አድርጓቸዋል። በርካታ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘኑ ግምገማዎች እንደሚያሳዩት፣ እነዚህ ምርቶች ማጨስን የማቆምን ዕድል ከ50 እስከ 60 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋሉ።

ምርቶቹ በሀገራችን መድኃኒት ቤቶች በስፋት የሚገኙ አይደሉም። በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ወደ ተጠቃሚው እጅ የሚደርሱት በዘመድ በኩል፣ ከነባዕድ ቋንቋ መመሪያቸው ነው። መመሪያውን የሚያነብ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱንም የሚያስረዳ ባለሙያ በመካከል ሳይኖር መድኃኒት መጠቀም ደግሞ ቀላሉን ነገር ከባድ፣ ከባዱን ነገር ቀላል አድርጎ ወደ ማየት ያመራል።

ቆዳው ለምን ይለወጣል?

ፕላስተሩ ኒኮቲኑን በቆዳ በኩል ወደ ደም የሚያሳልፍ ነው። ስለዚህ በተለጠፈበት ቦታ ላይ ቆዳው በሦስት መንገድ ሊቆጣ ይችላል። የመጀመሪያው ከኒኮቲኑ ከራሱ የሚመጣ ነው፤ ኒኮቲን በሚነካው ቦታ የሚገኙ ጥቃቅን የደም ሥሮች እንዲሰፉ ስለሚያደርግ ቦታው ይሞቃል፤ ይቀላል፤ ያሳክካል። ሁለተኛው ቆዳው ለብዙ ሰዓታት ታፍኖና ላቡ ታምቆ ከመቆየቱ ይመጣል። ሦስተኛው ከማጣበቂያው ጋር የተያያዘ ነው።

እስከ ግማሽ የሚደርሱ የፕላስተር ተጠቃሚዎች በተለጠፈበት ቦታ ላይ ቀላል የቆዳ መቆጣት ሊገጥማቸው እንደሚችል የሕክምና መመሪያዎች ይገልጻሉ። በዚህ ምክንያት ሕክምናውን ለማቋረጥ የሚገደዱት ግን ከመቶ አምስት አይሞሉም። በአብዛኛው ፕላስተሩ በተነሣ በአንድ ቀን ውስጥ መቅላቱም ማሳከኩም ይበርዳል።

በጥቂት ሰዎች ላይ የሚታየው እውነተኛ አለርጂ ከዚህ ይለያል። እዚህ ላይ የሰውነት መከላከያ ኃይል ኒኮቲኑን ወይም ማጣበቂያውን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል። ምልክቱ ከፕላስተሩ ቅርጽ ውጪ ይሰፋል፤ ቆዳው ያብጣል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ ፕላስተሩ ከተነሣም በኋላ ለቀናት ይቆያል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲለጠፍ ደግሞ ብሶ ይመለሳል።

በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ የሚታየው ምን ይመስላል?

ከውጭ የሚመጡት የመድኃኒት መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ "መቅላት" ነው። በሀገራችን ሰው ቆዳ ላይ ግን መቅላት እንደ ነጭ ቆዳ በግልጽ አይታይም። ከመቅላት ይልቅ ቦታው ወደ ቡናማነት፣ ወደ ወይን ጠጅነት ወይም ወደ ጥቁረት ያደላል። በእጅ ሲዳሰስ ይሞቃል፤ ከአካባቢው ቆዳም ጥቂት ከፍ ይላል። ስለዚህ መመሪያውን ያነበበ ሰው "ይቀላል እንጂ ይጠቁራል አይልም" ብሎ ቢደናገጥ አያስገርምም። ነገሩ ግን ያው አንድ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የሚታየው መቆጣቱ ካለፈ በኋላ ነው። ለቆዳችን ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ቆዳ በተቆጣ ቁጥር፣ በእሳት ጠባሳም ይሁን በቡጉር ወይም በነፍሳት ንክሻ፣ ሜላኒን የሚያመርቱት ሕዋሳት ከወትሮው በላይ ይሠራሉ። ቁስሉ ሲድን ጥቁር ጥላ ይቀራል። ይህ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ረዘም ላለ ጊዜም ይቆያል። በፕላስተሩ ቦታ ላይ የሚቀረው ጥቁረትም ከዚህ ወገን ነው። ማሳከኩ ካቆመ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ቆይቶ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ቆዳውን አይጎዳም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም።

የላስታ ደጋ ለዚህ የራሱ ድርሻ አለው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከከተማዋ ባሻገር የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያጠቁረው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል፤ ጨረሩ ግን ይበረታል። የተቆጣ ቆዳ ለዚህ ጨረር ከተጋለጠ ጥቁረቱ ይጠነክራል፤ ለመደብዘዝም ይዘገያል። ደግነቱ በደጋው ሰው ትከሻ ላይ የማይታጣው ጋቢ ጥሩ መከላከያ ነው። ፕላስተር የተነሣበትን ክንድ ወይም ትከሻ በልብስ መሸፈን ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ለምጽ ነው? ሥጋ ደዌ ነው?

በማኅበረሰባችን ዘንድ በቆዳ ላይ ከሚታዩ ምልክቶች ሁሉ ይበልጥ የሚፈሩት ለምጽና ሥጋ ደዌ ናቸው። ስለዚህ ልዩነታቸውን በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ፕላስተር የሚተወው ምልክት በአብዛኛው የጠቆረ ነው፤ የፕላስተሩን ቅርጽ ይይዛል፤ ፕላስተሩ ካልነካው ቦታ አይገኝም። ለምጽ በተቃራኒው ቀለሙን ፈጽሞ ያጣ፣ የነጣ ቆዳ ነው፤ ብዙ ጊዜም በፊት፣ በእጅ ወይም በእግር ላይ ይወጣል። የሥጋ ደዌ ምልክት ደግሞ ከአካባቢው ቆዳ የፈዘዘ ወይም የቀላ ሆኖ በላዩ ላይ የመዳሰስ ስሜት የቀነሰበት ወይም የጠፋበት ነው። የፕላስተሩ ምልክት ያሳክካል፤ ስሜት አለው። የሥጋ ደዌው አያሳክክም፤ ቢነኩትም ላይሰማ ይችላል። ይህ ልዩነት መታወስ ይኖርበታል። ስሜት ያጣ ምልክት በሰውነቱ ላይ ያየ ሰው "የፕላስተሩ ነው" ብሎ መተው የለበትም። ሥጋ ደዌ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ሲሆን፣ አካል ጉዳት የሚያስከትለው ሕክምናው ሲዘገይ ነው።

ፕላስተር የተለጠፈበት ቦታ ከመጥቆር ይልቅ መንጣት ከጀመረስ? እ.አ.አ በ2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ሜቲልፌኒዴት የተባለውን ሌላ መድኃኒት የያዘ ፕላስተር የቆዳን ቀለም በቋሚነት ሊያጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ያ መድኃኒት ኒኮቲን አይደለም፤ አገልግሎቱም ሌላ ነው። ሆኖም የትኛውም ፕላስተር በተለጠፈበት ቦታ ቆዳ ሲነጣ ከታየ ፕላስተሩን አንሥቶ ሐኪም ማማከር እንደሚገባ ያስተምረናል።

ቸል የማይባለው የቀለም ለውጥ

ከፕላስተሩ ቦታ ይልቅ መላውን ሰውነት የሚመለከት አንድ የቀለም ለውጥ አለ፤ እርሱም መገርጣት ነው። ወደ ሰውነት የገባው ኒኮቲን ሲበዛ ሰውየው ይገረጣል፤ ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ራሱን ያዞረዋል፤ ልቡም በፍጥነት ይመታል። በጥቁር ቆዳ ላይ መገርጣት የሚታየው በከንፈር፣ በመዳፍና በታችኛው የዐይን ሽፋን ውስጠኛ ክፍል ነው።

ይህ ሊደርስ የሚችለው ከታዘዘው በላይ ፕላስተር ሲለጠፍ ወይም መጠኑ ለሰውየው ሲበዛ ነው። በተለይም ሕፃን ልጅ ፕላስተሩን አግኝቶ ሲለጥፈው ወይም ሲያኝከው አደጋው ይከፋል። ተደርጎ የተጣለ ፕላስተር እንኳ በውስጡ ኒኮቲን ይቀርበታል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ፕላስተሩን ወዲያውኑ ማንሣት፣ ቦታውንም ያለ ሳሙና በንጹሕ ውኃ ብቻ ማጠብ ይገባል፤ ሳሙና ኒኮቲኑ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ፍጥነት ሊጨምር ይችላል። ከዚያም ሰውየውን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ፊት፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ መላ ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ይህ ከባድ አለርጂ ስለሆነ ለነገ የሚባል አይደለም።

ምልክቱን ለመቀነስ ምን ይደረግ?

ፕላስተሩ በየቀኑ በአዲስ ቦታ መለጠፍ አለበት። ዛሬ ቀኝ ክንድ ላይ ከሆነ ነገ ግራ ክንድ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ደረት ወይም ጀርባ ላይ ይሁን። አንድ ጊዜ ወደ ተለጠፈበት ቦታ ለመመለስ ቢያንስ አንድ ሳምንት መቆየት ይመከራል። ቦታው ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ፀጉር የማይበዛበትና ቁስል የሌለበት መሆን አለበት። ቅቤ ወይም ቅባት የተቀባ ቆዳ ፕላስተሩን አይዝም። በፕላስተሩ ላይ ከተጻፈው ሰዓት በላይ ማቆየትም ተገቢ አይደለም፤ ለ16 ሰዓት የተሠራ አለ፤ ለ24 ሰዓት የተሠራም አለ።

የፕላስተሩ መጠንም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በብዛት የሚገኙት የ24 ሰዓት ፕላስተሮች 21፣ 14 እና 7 ሚሊ ግራም ናቸው። በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ የሚያጨስ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ21 ሚሊ ግራም ይጀምርና በሳምንታት ውስጥ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል። ከዚያ ያነሰ የሚያጨስ ሰው በከፍተኛው መጠን መጀመር የለበትም። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ የልብ ሕመም ያለባቸውና ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል።

ቆዳው ፕላስተሩን ፈጽሞ እንቢ ካለ ትምባሆን የመተው ሐሳብ አብሮ ሊጣል አይገባም። ሌላ ዓይነት ፕላስተር ሊሞከር ይችላል። የኒኮቲን ማስቲካና የሚመጠጥ እንክብልም አለ፤ እነዚህ ቆዳን አይነኩም፤ አፍና ጉሮሮን ሊያቃጥሉ ወይም ስቅታ ሊያመጡ ግን ይችላሉ። ኒኮቲን የሌለባቸው፣ በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶችም አሉ።

ኤም.አር.አይ ምርመራ የታዘዘለት ሰው ፕላስተሩን አስቀድሞ ማንሣት እንዳለበትም ይወቅ። አንዳንዶቹ ፕላስተሮች በጀርባቸው ብረት ነክ ነገር ስላለባቸው በምርመራው ወቅት ግለው ቆዳን ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

የቀረውን ጥቁረት ለማጥፋት ተብሎ የሚደረገው ነገር ከጥቁረቱ ይልቅ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ቆዳ የሚያቀሉ ክሬሞች ብርቱ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፤ ሜርኩሪው ኩላሊትን ይጎዳል። ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥም ቆዳን ያቃጥላል፤ ከበፊቱ የባሰ ጥቁረትም ይተዋል። የሚሻለው ቦታውን አለማከክ፣ ከፀሐይ መሸፈንና ጊዜ መስጠት ነው።

ትምባሆ ራሱ የሚተወው ቀለም

የፕላስተሩን ምልክት ከትምባሆው ምልክት ጋር ማነጻጸርም ተገቢ ነው። ለብዙ ዘመን ያጨሰ ሰው ጣቶቹና ጥፍሮቹ ቢጫና ቡናማ ይሆናሉ፤ ጥርሱ ይበልዛል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል። ጭሱ ሜላኒን አምራች ሕዋሳትን ስለሚያነሣሣ ድዱም ይጠቁራል። በአካባቢያችን እናቶች ለውበት የሚነቀሱት ድድ ሆን ተብሎ የተሠራና የማይለቅ ጌጥ ነው፤ በማጨስ የሚመጣው የድድ ጥቁረት ግን ማጨስ ሲቆም በወራትና በዓመታት ውስጥ ሊደበዝዝ ይችላል።

በሀገራችን እ.አ.አ በ2016 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን 5 በመቶው የትምባሆ ተጠቃሚ ነበሩ። ቁጥሩ ከብዙ ሀገራት ያነሰ ነው። ለዚህ ሃይማኖቱም ባህሉም አስተዋጽኦ አላቸው፤ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን በትምባሆ ተጠቃሚዎች ላይ አካል እስከ መቁረጥ የሚደርስ ቅጣት ይፈጸም እንደነበር በታሪክ ይወሳል። ዛሬ ሕጉ የሚያተኩረው ሌላውን ከጭሱ በመጠበቅ ላይ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በተዘጉ የሕዝብ መገልገያ ስፍራዎችና በሥራ ቦታዎች ማጨስን፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥንም ከልክሏል።

ሆኖም ነውርነቱ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። በድብቅ የሚያጨስ ሰው በድብቅ ለማቆም ይሞክራል፤ ፕላስተሩንም ይደብቃል፤ ምልክቱን ሲያይ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። የጤና ባለሙያ የሚጠየቀውን ሁሉ በምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በቀበሌው ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም በጤና ጣቢያው የሚገኝ የመድኃኒት ባለሙያ መነሻ መሆን ይችላሉ። ከዚያ በላይ ለሆነው የላሊበላና የወልድያ ሆስፒታሎች አሉ። በደሴ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልና በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ደግሞ በቆዳና በሥጋ ደዌ ሕክምና ለረጅም ዘመን የታወቁ ናቸው። ማንኛውም መድኃኒት ያልተጠበቀ ጉዳት ካስከተለ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል። ወደ ባለሙያ ሲኬድ ፕላስተሩን ከነማሸጊያው ይዞ መሄድ ምርመራውን ያቀልላል።

ማጨስ ያቆመ ሰው ለውጡን በገዛ ጥፍሩ ላይ ሊያይ ይችላል። የጣት ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ቢጫው ጥፍር ወደ ጫፍ ሲገፋ ከሥሩ ንጹሑ ይወጣል፤ በመካከላቸውም ሰውየው ትምባሆን የተወበትን ጊዜ የሚያሳይ መስመር ይሠራል። በስድስት ወር ገደማ ውስጥ ቢጫው ተቆርጦ ያልቃል። በክንዱ ላይ የቀረው የፕላስተር ጥላም በዚያው ጊዜ ውስጥ ደብዝዞ ሊጠፋ ይችላል።